ከደስታው ሸለቆ እስከ ሃውገሩድ፦ የታለመው ማኅበረሰብና በልብ ወለድ ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ

ፍጹም የሆነ ማኅበረሰብን በሐሳብ መሥራት፣ ማለትም በዳይና ተበዳይ የማይኖሩበትን፣ ሥራውም እንጀራውም ለሁሉ በአግባቡ የሚደርስበትን ኑሮ በወረቀት ላይ ማቆም፣ ሰዎች ስለ መንግሥትና ስለ ሕግ መጻፍ ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ የዘለቀ ልማድ ነው። ፕላቶ ይህን ያደረገው ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት በአቴና ሲሆን፣ ነገሩን ራሱን የቻለ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ያደረገው ግን እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 በላቲን ባሳተመው «ዩቶፒያ» በተባለው መጽሐፉ ነው። ከዚያ ወዲህ ዩቶፒያ የአንድ ደሴት ስም መሆኑ ቀርቶ ደራሲዎች መልካም ነው ብለው ያሰቡት ማኅበረሰብ ሁሉ የሚጠራበት ስያሜ ሆነ፤ የእርሱ ግልባጭ የሆነውና በመልካም ስም ሰውን የሚያስጨንቀው ሥርዓት ደግሞ ዲስቶፒያ ተባለ።

መላምታዊ ልብ ወለድ ሲባል «እንዲህ ቢሆንስ?» ከሚል ግምት ተነሥቶ ዓለሙን የሚሠራ ታሪክ ማለት ነው፤ ሳይንሳዊ ልብ ወለድም፣ የመጪ ዘመን ታሪክም፣ ወዳልታየ አገር የሚደረግ ጉዞም በዚህ ጥላ ሥር ይገባሉ። የዩቶፒያ ጸሐፊዎች ለዚህ ዘርፍ ብዙ ነገር አውርሰውታል፤ ከሩቅ አገር የሚደርሰው መንገደኛም፣ አገሩን እያዞረ የሚያሳየው አስጎብኚም ከእነርሱ የተገኙ ናቸው። ከውርሱ ሁሉ የበለጠ ፍሬ ያፈራው ግን የበሩ ጉዳይ ነው፦ ወደ መልካሙ አገር ማን ይገባል፣ ማን ይባረራል፣ በገዛ ፈቃዱ ልውጣ የሚል ሰውስ ምን ይደረጋል የሚለው ጥያቄ። በሞር ደሴት ሰዎች በቀን ስድስት ሰዓት ብቻ ይሠራሉ፣ ወርቅንም ንቀው የሽንት ዕቃ ያደርጉታል፤ ነገር ግን ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ የሹም ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፣ ያለ ፈቃድ ሲዘዋወር ደጋግሞ የተገኘ ሰውም ባርያ ይሆናል። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ በአጭሩ የታለፈ ደንብ ቢሆንም፣ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የመጡት የዲስቶፒያ ጸሐፊዎች ዛምያቲን፣ ሀክስሊና ኦርዌል ልብ ወለዶቻቸውን ያቆሙት በዚሁ ደንብ ላይ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም።

በኦስሎ ምሥራቅ፣ በአልና ክፍለ ከተማ ውስጥ የሚገኘው ሃውገሩድ ስለዚህ ጉዳይ ለማሰብ የተመቸ ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ሰፈሩ ራሱ በወረቀት ላይ አስቀድሞ የታለመ ኑሮ ነው፣ የተሠራበትም አገር ስለ ታለመ ኑሮ ሲጽፍ ረጅም ጊዜ ያስቆጠረ ነው። ከዚህም በላይ በኦስሎ የሚኖረው አማርኛ ተናጋሪ በሌላ ሕዝብ ሕልም ውስጥ ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ሰው በመሆኑ፣ የበሩ ጥያቄ ለእርሱ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

የኖርዌይ ድርሻ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1684 በበርገን በተወለደው በሉድቪግ ሆልበርግ ነው። ሆልበርግ የኖረው ዴንማርክና ኖርዌይ በአንድ ንጉሥ ሥር በነበሩበት ዘመን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1741 በላይፕሲግ ከተማ በላቲን ያሳተመው የኒልስ ክሊም የምድር ውስጥ ጉዞ ታሪክ እስከ ዛሬ ድረስ ከመላምታዊ ልብ ወለድ አባቶች መካከል ያስቈጥረዋል። ክሊም ትምህርቱን ጨርሶ ወደ በርገን የተመለሰ ድኻ ተማሪ ነው፤ ከከተማዋ በላይ በሚታየው በፍሎየን ተራራ ያለውን ዋሻ ለመመርመር በገመድ ሲወርድ ገመዱ ይበጠስና ወደ ምድር ሆድ ይወድቃል። በዚያም ሌላ ሰማይና ሌላ ፀሐይ፣ በፀሐይዋም ዙሪያ ናዛር የተባለች ፕላኔት አለች፤ እርሱ ራሱ በናዛር ዙሪያ እንደ ጨረቃ መሽከርከር ይጀምራል፣ ከኪሱ አውጥቶ የወረወረው ቂጣም በተራው እርሱን መዞር ይጀምራል። የሳቅ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ከኒውተን መጽሐፍ በኋላ ሃምሳ አራት ዓመት ብቻ ሲያልፍ የስበትን ሕግ ወደ ታሪክ ማራመጃነት የለወጠ ጸሐፊ መሆኑን ያሳያል።

ክሊም የሚያርፍበት ፖቱ የተባለው አገር ዜጎቹ ዛፎች ናቸው። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ቀስ ብለው ያስባሉ፣ ቶሎ የሚገባው ሰው ደግሞ ጥልቀት የሌለው ሆኖ ይቈጠራል፤ ስለዚህ ክሊም ይዞት የመጣው የትምህርት ማስረጃ ከንቱ ሆኖ፣ ሁለት እግር ያለው ፈጣን ፍጡር በመሆኑ ብቻ የንጉሡ መልእክተኛ ሯጭ ተብሎ ይሾማል። በውጭ አገር የተመሰከረለትን ትምህርት ይዞ በሌላ አገር እንደ ጉልበት ሠራተኛ መታየት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ከሆልበርግ ዘመን ሰዎች ይልቅ ቀረብ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በፖቱ ሹመት የሚሰጠው ወንድና ሴት ሳይለይ እንደ ችሎታ ነው። አዲስ ሕግ ላቅርብ የሚል ሰው ደግሞ በአንገቱ ገመድ አጥልቆ ይቆማል፤ ሐሳቡ ከተመረመረ በኋላ ለሕዝብ የማይጠቅም ሆኖ ከተገኘ ይሰቀላል።

ክሊም በዚህ ሁሉ መካከል የሚያቀርበው የሕግ ሐሳብ ሴቶች ከመንግሥት ሹመት እንዲወገዱ የሚል ነው። የስቅላት ፍርዱ በምሕረት ወደ ስደት ይለወጥለትና ከፖቱ ይባረራል። ቀጥሎ በሌላ አገር፣ ቈመናቸው እንደ እርሱ በሆነ፣ ሥልጣኔ ባልደረሰባቸው ሰዎች ዘንድ ባሩድ መሥራት በማወቁ ንጉሠ ነገሥት ይሆናል፣ ጎረቤት አገሮችንም ይወጋል፣ በመጨረሻም ጨካኝነቱ ሕዝቡን አስነሥቶበት ሲሸሽ በወደቀበት ጉድጓድ ወደ በርገን ይመለሳል። ሆልበርግ ከሞር የሚለይበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ የሞር መንገደኛ አይቶ የሚተርክ ምስክር ሲሆን የሆልበርግ መንገደኛ ግን የመጣበትን አገር ጭፍን እምነት ተሸክሞ የገባ፣ መልካሙ አገርም ያላስተካከለው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የተጻፈው ምርጥ መላምታዊ ልብ ወለድ ሁሉ ማለት ይቻላል ከአገሩ ይልቅ በእንግዳው ላይ ዓይኑን የሚጥል ሆኗል።

ከመጽሐፍ ወደ መሬት ለማውረድ የተደረጉ ሙከራዎችም አልጠፉም። ሌላው የበርገን ተወላጅ፣ በዓለም የታወቀው የቫዮሊን ተጫዋች ኦሌ ቡል፣ እ.ኤ.አ. በ1852 በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ጫካ መሬት ገዝቶ ለኖርዌያውያን ስደተኞች ኦሌያና የተባለች ሰፈር ቈረቈረ፤ ነገሩ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ፈረሰ፣ በአገር ቤትም መሳለቂያ ሆኖ ተዘፈነበት። ኖርዌይ እውነተኛ ዩቶፒያዋን የሠራችው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ ያለ ቫዮሊን፣ በማዘጋጃ ቤት ጽሕፈት ቤት ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኦስሎ የመኖሪያ ቤት እጥረት የበረታ ነበር። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1946 ለመኖሪያ ቤት ግንባታ በአነስተኛ ወለድ የሚያበድር ባንክ አቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስሎ በዙሪያዋ ከነበረው ከአከር ወረዳ ጋር ተዋሕዳ ሰፊ የእርሻና የደን መሬት አገኘች፤ እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ የከተማው ፕላን ኃላፊ ኤሪክ ሮልፍሰን የመሩት አጠቃላይ ፕላን ወጣ። ፕላኑ ሕዝቡን ከጠባቡና ከጨለማው የመሐል ከተማ ግቢ አውጥቶ በዳርቻ በሚቆረቆሩ፣ ከዋናው ከተማ ጋር በባቡር በሚገናኙ አዳዲስ ሰፈሮች ለማስፈር ያለመ ነበር፤ እነዚህ ሰፈሮች በኖርዌይኛ ድራባንትቢ ይባላሉ። የመጀመሪያው ላምበርትሴተር ሲሆን፣ ሃውገሩድ በግሮሩድ ሸለቆ ከተሠሩት ከኋለኞቹ አንዱ ነው፤ የከተማው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1970 ደረሰለት።

የፕላን ባለሙያዎቹ ሐሳብ ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ነበር። አንደኛው እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ያቀረበው የአትክልት ከተማ ሐሳብ ሲሆን፣ ሃዋርድ ራሱ ኤድዋርድ ቤላሚ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1888 ስለ 2000 ዓመት ቦስተን የጻፈውን የመጪ ዘመን ልብ ወለድ አንብቦ እንደ ተነሣሣ የታወቀ ነው፤ ልብ ወለድ ከተማ ሠርቷል ሲባል ማጋነን የማይሆንበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። ሁለተኛው አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ያወጣው የጉርብትና ፕላን ነው፤ በዚህ ፕላን ሰፈር የሚለካው በትምህርት ቤቱ ነው፣ ልጅ ትልቅ መንገድ ሳያቋርጥ ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤቱ በእግሩ መሄድ መቻል አለበት። በሃውገሩድ ዛሬም የሚሄድ ሰው ይህን በእግሩ ያነበዋል፤ የእግረኛው መንገድ ከመኪናው ተለይቶ በሕንፃዎቹ መካከል ይሄዳል፣ በሕንፃና በሕንፃ መካከል ለብርሃንና ለሣር የተተወ ሰፊ ቦታ አለ፣ ሱቁ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ጥቂት ከተጓዙም የኤስትማርካ ደንና የሉትቫን ሐይቅ ይገኛሉ።

ቤቱ ከተሠራበት ሲሚንቶ ይልቅ የሚያስደንቀው የባለቤትነቱ ሥርዓት ነው። በኖርዌይ ቦሬትስላግ የሚባለው የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር ሕንፃውን በሙሉ ይይዛል፤ ነዋሪው የሚገዛው ግድግዳውን ሳይሆን በማኅበሩ ውስጥ አንድ ድርሻን ነው፣ ድርሻውም በአንድ የተወሰነ ቤት የመኖር መብት ይሰጠዋል፣ የማኅበሩንም የጋራ ዕዳ በየወሩ ከሌሎች ጋር ይከፍላል። በጠቅላላ ጉባኤ ትልቅ ቤት ያለውም ትንሽ ቤት ያለውም እያንዳንዱ በድርሻው አንድ ድምፅ አለው። ከማኅበራቱ ትልቁ እ.ኤ.አ. በ1929 የተመሠረተው ኦቦስ ሲሆን፣ በእርሱ ዘንድ የሚለቀቅ ቤትን ቀድሞ የመግዛት መብት የሚገኘው በአባልነት ዘመን ብዛት ነው። በየሕንፃው ምድር ቤት የነበረው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በግድግዳው የተሰቀለው የተራ ሰሌዳ፣ በጸደይ ነዋሪው ሁሉ መጥረጊያና አካፋ ይዞ የሚወጣበትና ዱግናድ የሚባለው የጋራ ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ የሥርዓቱ ክፍል ናቸው። ዱግናድ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ደቦና ወንፈል የለመደ ሰው ወዲያው ይገባዋል፣ ልዩነቱ ጠላና ንፍሮ በቡናና በቋሊማ መተካታቸው ነው።

በአዲስ አበባ ከ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተሠሩት የኮንዶሚኒየም ቤቶችም የዚሁ ዓይነት ሕልም የሩቅ ዘመድ ናቸው። የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎቹ አጠገብ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚታጠብበት የጋራ መገልገያ ቤት እንዲኖር መደረጉ፣ ፕላን አውጪዎቹ የፎቅ ኑሮንና የግቢ ኑሮን ለማስታረቅ እንደ ሞከሩ ያሳያል። በሩ ግን በሌላ ቁልፍ ይከፈታል፤ በኦስሎ ተረኛው በአባልነቱ ዕድሜ ሲገባ በአዲስ አበባ የተመዘገበው ሰው የሚገባው በዕጣ ነው። ወደ መልካሙ ኑሮ የሚገባው ሰው በምን ይመረጣል የሚለውን ጥያቄ ሞር በደንብ ሳይመልሰው አልፏል፣ ሁለቱ ከተሞች ግን መልስ መስጠት ግድ ሆኖባቸዋል፤ ለልብ ወለድ ጸሐፊ ደግሞ ከብዙ የጠፈር መርከብ ይልቅ አንድ የዕጣ ዕለት የበለጠ ታሪክ አለው።

የኖርዌይ ልብ ወለድ ሕልሙ ገና በመሠራት ላይ ሳለ መጠራጠር ጀመረ። አክሰል የንሰን እ.ኤ.አ. በ1965፣ ማለትም ባቡሩ ሃውገሩድ ከመድረሱ አምስት ዓመት በፊት፣ «ኤፕ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ አሳተመ። ኤፕ በመጪ ዘመን፣ በግዙፍ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ብቻውን በአንዲት ትንሽ ቤት የሚኖር ጡረተኛ ነው፤ ሥጋ በል የሆነ ተክል ያሳድጋል፣ ስለ ጎረቤቱም ዘገባ ይጽፋል። በዚያ ዓለም ማንም አይራብም፣ ማንም ውጭ አያድርም። የቀረው ነገር ቢኖር ሰው ለሰው የሚኖረው ፍላጎት ነው፣ ያም በክትትል ተተክቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በዚያው በግሮሩድ ሸለቆ በሚገኘው በአመሩድ ሰፈር ላይ የተደረገ ጥናት ወጥቶ በትልልቅ ሕንፃዎች ኑሮ ላይ ብርቱ ክርክር አስነሣ፤ ልብ ወለዱ በምናብ ያለውን ተመራማሪዎች ነዋሪውን እየጠየቁ መመርመራቸው ነበር።

በዚሁ ዘመን ዮን ቢንግና ቱር ኦጌ ብሪንግስቫርድ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በኦስሎ የተማሪዎች የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ማኅበር መሥርተው፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያ የጋራ የአጫጭር ልብ ወለድ መድበላቸውን አወጡ። ቢንግ ኋላ በሕግና በኮምፒውተር ግንኙነት ላይ የታወቀ ፕሮፌሰር ሆነ፤ ስለ ሰዎች የግል መረጃ አጠባበቅ በሕግ ቋንቋ የጻፈውና በልብ ወለድ የጻፈው ከአንድ ሥጋት የመነጩ ናቸው ቢባል ያስኬዳል። የደግ መንግሥት መዝገብ ጥሩ ሰው እጅ እስካለ ድረስ ጥሩ ነው፤ ልብ ወለድ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። የሃውገሩድ ዓይነት ሰፈሮች ትልቁ ለውጥ ግን ከልብ ወለዱ ግምት ውጭ የመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማኅበር ቤቶች ላይ የነበረው የዋጋ ቁጥጥር ተነሣ፣ ድርሻው በገበያ ዋጋ የሚሸጥ ሆነ፣ ከፓኪስታን፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችም ሕልሙ ለኖርዌይ ሠራተኛ ወደ ታለመባቸው ሰፈሮች ገቡ። ክሊም በፖቱ እንደ ሆነው፣ እነርሱም ባልተሳተፉበት ሕልም ውስጥ ደንቡን ለመማር ተገደዱ፤ የልብስ ማጠቢያው ተራ፣ የጉባኤው አጀንዳ፣ የዱግናዱ ማስታወቂያ ሁሉ በኖርዌይኛ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ከዚህ የሚለየው፣ ኢትዮጵያ ራሷ የራሷን ዩቶፒያ ከመጻፏ በፊት በሌሎች መጽሐፍ ውስጥ ዩቶፒያ ሆና በመገኘቷ ነው። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት የቄሱን ንጉሥ የዮሐንስን ግዛት ሲፈልጉ ኖረው በመጨረሻ ያገኙት መስሏቸው የመጡት ወደ ኢትዮጵያ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ደግሞ በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1735፣ የፖርቱጋላዊውን የየሱሳዊ ካህን የጀሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ መጽሐፍ ተርጕሞ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1759 እናቱ በሞተችበት ሰሞን «ራሴላስ» የተባለውን ታሪክ ሲጽፍ መድረኩን በኢትዮጵያ አደረገ። የነገሥታቱ ልጆች በተራሮች በተከበበ የደስታ ሸለቆ ይኖራሉ፤ ሁሉ ነገር አላቸው፣ መውጣት ግን አይፈቀድላቸውም። ይህ በጥሬው ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን ያግዙበት ከነበረው ከአምባ ግሸን የተወሰደ ነው፤ ጆንሰን እስር ቤቱን ገነት አድርጎ፣ ገነቱን ደግሞ መልሶ እስር ቤት አደረገው። ልዑሉ ራሴላስ የጐደለበት ነገር ሳይኖር ይሰለቻል፣ ከእህቱና ከአንድ ገጣሚ ጋር ተራራውን ፈልፍሎ ይወጣል፣ ደስተኛ ሰው ፍለጋም ወደ ግብፅ ይሄዳል። የበሩ ጥያቄ በመላምታዊ ልብ ወለድ ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ የቀረበበት ሌላ የዚያ ዘመን መጽሐፍ ማግኘት ያዳግታል።

በኦክስፎርድ የተማረው ሲራክ ኅሩይ ይህን መጽሐፍ ከጣልያን ወረራ ማብቃት በኋላ ወደ አማርኛ መልሶ አሳተመው። የሲራክ አባት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ ከወረራው በፊት ለአማርኛ የራሱን የታለመ ማኅበረሰብ የሰጡት ሰው ናቸው። በ1925 ዓ.ም. ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለድ ዋና ሰው ዐወቀ የሚባል የተጕለት ልጅ ነው፤ በፓሪስ ተምሮ ሲመለስ የሚገጥመው የደሴት ዩቶፒያ ሳይሆን የአባቱ ተዝካር ነው። ዘመድ አዝማድ ድግሱ ካልደመቀ አባትህን አዋረድህ ይለዋል፣ እርሱ ደግሞ ድግሱ ቤት ያፈርሳል፣ ለነፍስ የሚጠቅመው ለድኻ ቢሰጥ ነው ብሎ ይከራከራል፤ ስለ ጋብቻም ሳይተዋወቁ መጋባትን ይቃወማል። ኅሩይ ዓለምን በአዲስ መልክ ሲያስቡ የተነሡት ከሰማይ አልነበረም፤ ከበርሜል ጠላ፣ ከታረደው በሬና ከወጪው ዕዳ ነበር። ይህ ጠባብነት ሊመስል ይችላል፣ ሆኖም ከአውሮፓ ዩቶፒያዎች ብዙዎቹ የማያውቁት ብርታት አለበት፤ አዲሱ ሥርዓት በለቅሶ ቤት ካልሠራ የትም እንደማይሠራ ጸሐፊው ያውቁ ነበር።

ኅሩይና በዘመናቸው ጃፓናውያን ተብለው የሚጠሩት ምሁራን የታለመውን ማኅበረሰብ ካልታወቀ ደሴት ይልቅ በካርታ ላይ ባለ አገር መፈለጋቸው የኢትዮጵያን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ ቀርጾታል። ኅሩይ እ.ኤ.አ. በ1931 በመልእክተኛነት ጃፓንን ጎብኝተው ስለ እርሷ መጽሐፍ ጻፉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከበደ ሚካኤል ጃፓን እንዴት እንደሠለጠነች የሚተርክ መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ መልካሙን አገር በሞስኮ ወይም በቤጂንግ አየው፣ ሌላው ደግሞ ትኬቱን ቆርጦ ወደ ስካንዲኔቪያ ሄደ። መልካሙ ኑሮ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን የሚደረስበት ሌላ አገር ከሆነ ግን፣ ልብ ወለድ ሥራው ጉዞና ናፍቆት ይሆናል፤ የራስን አገር ከመቶ ዓመት በኋላ አድርጎ ማሰብ ግድ አይልም። የአማርኛ ልብ ወለድ በመጪ ዘመን ላይ ያን ያህል ያልዘመተበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሌላው ምክንያት ሕልሙ ከላይ በትእዛዝ ሲወርድ የታየው ነው። ስመ ጥሩው የሕንፃ ፕላን ነዳፊ ለ ኮርቡዝዬ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሙሶሊኒ የአዲስ አበባን አዲስ ንድፍ ሲያቀርብ ነባሩ ከተማ እንደሌለ ቈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረበት፤ ደግነቱ ንድፉ በወረቀት ቀረ። የደርግ መንደር ምሥረታ ግን በወረቀት አልቀረም፤ ተበታትኖ ይኖር የነበረው ገበሬ ጎጆውን አፍርሶ በመስመር በተቀየሰ መንደር እንዲሰፍር ሲደረግ፣ ውኃውና ማሳው ከራቀው ሰው አንጻር ቅያሱ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ልብ ወለድ ማንበብ አላስፈለገም። ሥርዓት አልባው የቀድሞ መንደር የራሱ ሥርዓት እንደነበረው የታየው ከፈረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ታትሞ እንደዚያ በብዛት ሲነበብ፣ አንባቢው የናፈቀው ምን እንደነበር ማየት ይቻላል። በአሜሪካ የጠፈር ምርምር የተሰማራ ኢትዮጵያዊ ሊቅ፣ የስለላ ሤራና የጣና ገዳማት በአንድ ታሪክ ይገናኛሉ፤ ዕውቀቱ ከባሕር ማዶ ወደ አገር ይመለሳል፣ ምሥጢሩም በጥንቱ ገዳም ተሰውሮ ይጠብቃል። መጽሐፉ የመልካሙን አገር ቦታ ከጃፓንና ከሞስኮ መልሶ ወደ ጣና ማምጣቱ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን ያ ኃይል የተሰወረ ኃይል ነው፣ ገበያ ወጥቶ የሚሸምትና በስብሰባ የሚጨቃጨቅ ማኅበረሰብ ገና አይደለም፤ ከሥነ ጽሑፍ አንጻር ሲመዘን ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

ያ ማኅበረሰብ ግን ከጣና ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው አቅጣጫ፣ በደቡብ ጎንደር በፎገራ ወረዳ ይገኛል። አውራ አምባ በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። መሥራቹ በልጅነታቸው እናታቸው ከአባታቸው ጋር እርሻ ውለው ቤት ሲገቡ አባት አርፎ እናት እንደገና ለምን ትሠራለች ብለው መጠየቃቸውን፣ ቤተሰቡም ልጁ አብዷል እስከ ማለት መድረሱን ይተርካሉ። በአውራ አምባ ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል። በኢትዮጵያ ደጋ ሴት በእንዝርት ትፈትላለች፣ ወንድ ሸማ ይሠራል፤ በዚህ መንደር ግን ወንዱ እንዝርት ሲያሾር፣ ሴቲቱ ከመሸመኛው ጉድጓድ ገብታ መወርወሪያውን ስትወረውር ማየት የተለመደ ነው። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አለ፣ ከሳምንቱም አንድ ቀን የሚሠራው ለተቸገረ መርጃ ይውላል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም የለም፤ በፈጣሪ ያምናሉ፣ አምልኮው ግን መልካም ሥራ ነው ይላሉ። ድግስ ያለበት ሠርግ የለም፣ የረዘመ ለቅሶና ተዝካርም የለም፤ ኅሩይ በ1925 ዓ.ም. በልብ ወለድ የተከራከሩለትን ነገር ፊደል ሳይቈጥሩ ያደጉ ገበሬዎች ከአርባ ዓመት በኋላ በመንደር ደንብ አጸኑት።

ዋጋው ቀላል አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው እንደ ከሃዲ ቈጠሯቸው፣ በደርግ ዘመንም በፖለቲካ ተጠርጥረው መሬታቸውን ጥለው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፤ ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ሲመለሱ ያገኙት መሬት ለእርሻ የማይበቃ ጥቂት ስለ ነበር ሽመና፣ ወፍጮና ንግድ ዋና መተዳደሪያቸው ሆነ። የደስታው ሸለቆ ግንብ ከውስጥ የተሠራ ነበር፤ የአውራ አምባ ግንብ ግን አብዛኛው የተሠራው ከውጭ፣ በጎረቤት ፍርሃትና ሐሜት ነው።

ዛሬ እንግዳ ወደ መንደሩ ሲደርስ አስጎብኚ ተመድቦለት የአረጋውያኑን ቤት፣ የሽመናውን አዳራሽ፣ ጭስ የማያበዛውን የጭቃ ምድጃ እያየ ይዞራል፤ ሞርና ቤላሚ ለመንገደኞቻቸው ያዘዙት ጉብኝት እዚህ የአንድ ሰው የዕለት ሥራ ሆኗል። የአማርኛ መላምታዊ ልብ ወለድ ሥራ የሚጀምረው ጉብኝቱ የማያሳየው ቦታ ላይ ነው፤ ከመንደሩ ወጥታ ዩኒቨርሲቲ የገባች ወጣት ከመንደሩ ውጭ የሆነ ሰው ስታፈቅር፣ የእናቱን ሙት ዓመት በዝምታ ማሳለፍ ያቃተው ሽማግሌ ደንቡ እንዲሻሻል በጉባኤ ሲጠይቅ፣ መሥራቹ ያልፉና የእርሳቸውን ቃል በሁለት የሚተረጕሙ ወገኖች ሲነሡ ምን ይሆናል? አሜሪካዊቷ ኧርሱላ ለ ጒን እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመችው የአናሬስ ጨረቃ ታሪክ እንዲህ ያለ ጥያቄ አንሥታ፣ የነፃ ሰዎች ማኅበር በጎረቤት አስተያየት ብቻ እንዴት እንደሚጠብብ አሳይታለች፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ሼቬክ የሚወጣው ማኅበሩን ጠልቶ አይደለም፣ ሊመለስበት ፈልጎ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ታሪክ የሚያስፈልገው ቁሳቁስ በፎገራም በግሮሩድ ሸለቆም በእጅ የሚገኝ ነው፤ የማኅበር ደንብ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ፣ የዕዳ መዝገብ፣ እና ከጉባኤው በኋላ በደረጃው ላይ ቆመው ውሳኔውን የሚያሙ ጎረቤቶች።